ጽዋው አይለፈኝ

ሰው ቤቴ ይመጣል። በሬን አልፎ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ እኔን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ምራቴን መቅዲን «እማማ ሥራነሽ እንዴት ናቸው? እህል ይቀምሳሉ?» ይላታል። እህሉን የምቀምሰው እኔ፣ የምትጠየቀው እሷ። ገበያ ስንወርድ ነጋዴው ነጠላውን ዘርግቶ «ጥለቱ ምን ዓይነት ቢሆን ይወዳሉ?» ብሎ መቅዲን ይጠይቃታል። ሐኪም ቤት ብንሄድ «የት ጋ ነው የሚያማቸው?» ይሏታል፣ እንደ ታመመ ጥጃ እየጎተተች ያመጣችኝ ይመስል። እሷም ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ጉልበቴን አሞኝ ሄጄ፣ እሷ ወገባቸውን ነው ብላ፣ የወገብ ቅባት ይዘን ተመልሰናል። ቅባቱ እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ወገቡን የሚያመው ይውሰደው።

ዓይኔን የወሰደው ግፊት የሚሉት ሕመም ነው። እንደ ምሽት ከዳር ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ መሐሉን ዘጋው። ከእግዜር ጋር በዚህ ነገር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ያልጨረስሁት ከሰው ጋር ነው። ዕውር ነኝ ስል መቅዲ ታርመኛለች። «እማማ፣ እንደዚያ አይባልም፤ ማየት የተሳናቸው ነው የሚባል» ትለኛለች። ስብሰባ ላይ ሰምታው ነው። እሺ፣ ስሙን ያሳምሩት፤ የሚከለክላቸው የለም። ስሙን አሳምረው ተራዬን ከሚወስዱብኝ ግን ዕውር ብለው ተራዬን ቢተዉልኝ እመርጣለሁ።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። የጥር ኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው፤ ቅዳሜ ውሎ ነበር። ጠዋት የደብረ ማርቆስ ብርድ አጥንት ይበላልና፣ ከቤቴ ጀርባ ከግንቡ ተጠግቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። የግንቡ ሌላው ፊት ወደ ጓሮ በሩ ነው። ጎረቤታችን ማሬ ብርጭቆና ትሪ ልትዋስ መጣች። ማኅበሩ የሚውለው እሷ ቤት ነበርና ስትሮጥ ያደረች ሴት ናት፤ ትንፋሿ ይሰማል። መቅዲ ብርጭቆውን እየቆጠረች ስትሰጣት፣ ማሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደመላሽ ጨርሶታል፤ ለእማማ ይለፋቸው ተብሏል። ጽዋውን አበረ ይወስዳል» አለቻት። ደመላሽ የማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃ ማለት ነው። መቅዲ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እፎይ» አለች፤ «እኔስ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።» ከዚያ ብርጭቆ ተንኳኳ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔም ፀሐዬን ይዤ ቀረሁ።

ማኅበር የሌለው ሰው ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። እኛ በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን አንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ይደግሳል፣ ካህን ይጸልያል፣ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ የተኳረፈ ይታረቃል። ሲያበቃ ጽዋዋ፣ አፏ በነጭ ሻሽ የታሰረች ጠላ የተሞላች ማድጋ ናት፣ ከዕለቱ ደጋሽ እጅ ወደሚቀጥለው ተረኛ እጅ ትተላለፋለች። የተቀበለ «ያድርሰኝ» ይላል፤ የቀረው «ያድርስህ» ይለዋል። እንግዲህ ጽዋ የሚሰጠው እስከዚያ ይኖራል ለተባለ ሰው ነው። ያለፈችህ ቀን ሰዉ በልቡ ቀብሮሃል፤ የቀረው ለቅሶው ብቻ ነው። የእኔ ተራ ደግሞ የካቲት ላይ ነው የወደቀው። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ከዓመቱ ሁሉ ዋናዋ ናት። ባሌ በሕይወት ሳለ፣ ከማኅበሩ ከገባን ጀምሮ፣ የካቲት ለእኛ ደርሳ አታውቅም። ስጠብቃት ኖሬ፣ ስትመጣ ለባለ ወፍጮው ለአበረ ሊሰጧት ነው።

ቤት ስገባ ልጄ ጌቱ ሻይ ይጠጣል። ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሱ ግን ያዞረዋል። ነገር ያለበት ሰው እንዲህ ነው። ይነግረኝ እንደሆነ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ስለ ጤፍ ዋጋ አወራ። ከጉንደ ወይን የመጣው ጤፍ ከዚህኛው ይረክሳል ግን አሸዋ አለበት አለ። እኔም አሸዋ ያለበት ጤፍ ጥርስ ይጨርሳል አልሁ። ጥርሴም እንደ ዓይኔ እየሄደ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ኮቱን እየለበሰ፣ «እማየ፣ ዛሬ ብርዱ ከባድ ነው፤ ቤት ዋይ። ዳቦሽን መቅዲ ታመጣልሻለች» አለኝ። እሺ አልሁት። እኔ እሺ ማለት የምችለው በጣም ስቆጣ ነው፤ ይህን አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አላወቀም። እሱ ወደ ሠርግ ሄደ፣ መቅዲ ወደ ማሬ ቤት ልታግዝ ሄደች። ቤቱ ባዶ ሲሆን ሣጥኔን ከፍቼ ነጭ ቀሚሴን አወጣሁ። ዘንጌን ያዝሁ። ከደጃፌ እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ እግሬ ያውቀዋል፤ ቤቱ ሲሠራ ድንጋዩን ያነጠፍሁ እኔ ነኝ።

ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ። አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ የሽንኩርት ከረጢት ይዛለች። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ «የት ነው የሚወርዱት?» አለ። ልመልስ አፌን ስከፍት ሴትዮዋ «እኔ አላውቃቸውም» አለችው። ለካ የጠየቀው እሷን ነው።

«አብረሽ አይደለሽም እንዴ?»

«ኧረ እኔ ቀድሜ ነው የገባሁ። ራስህ አይደለህ ያሳፈርሃቸው?»

«ታዲያ የት ልውሰዳቸው?»

እንደ ጠፋ ዕቃ ባለቤት ሊፈልጉልኝ ሲሉ፣ «ኪዳነ ምሕረት አውርደኝ፤ ከፈለግህ ለእሷም ንገራት» አልሁት። ሴትዮዋ ሳቀች። ሾፌሩ አፍሮ መሰለኝ፣ ስወርድ «እማማ፣ ሒሳቡ ይቅር» አለኝ። ሒሳቡን መዳፉ ላይ አስቀምጬለት ወረድሁ። ይቅርታ ቢለኝ እቀበለው ነበር፤ ምጽዋት ግን አልጠየቅሁትም።

የሄድሁት የኔታ ዘንድ ነው። የኔታ፣ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በጎጆ ተቀምጠው ቅኔ ያስተምራሉ። ዓይናቸውን ገና ጡት ሳይጥሉ ፈንጣጣ ነው የወሰደው። ሰው ሲያልፉ ቆሞ ጉልበታቸውን ይስማል። ከይጁቤ ማዶ፣ ከዓባይ ማዶ ሳይቀር ተማሪ እግሩ እስኪቆስል ተጉዞ ይመጣላቸዋል። «ዓይናቸውን ወስዶ ልባቸውን አበራው» ይባላል ስለ እሳቸው። ስለ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ የእኔ ልብ በርቶ እንደሆነ ያየልኝ የለም። ማኅበራችን ያለ እሳቸው ቃል ምንም አያደርግም። እኔም በልቤ፣ ነገሩን ብነግራቸው ዘንጋቸውን መሬት መትተው «ማን ነው ይህን ያለ?» የሚሉ መስሎኝ ነበር። ዕውር የዕውርን ነገር ካላወቀ ማን ያውቃል ብዬ።

ከጎጆው ፊት ተማሪዎቹ ያጉረመርማሉ። አንዱ ተነሥቶ በርጩማ ሰጠኝ። የኔታ በክርስትና ስሜ ነው የሚጠሩኝ፤ «ወለተ ሰንበት፣ ዛሬ ምን እግር ጣለሽ? ማኅበሩ ላይ አንገናኝም ነበር?» አሉኝ። ከግንቡ ጀርባ የሰማሁትን ነገርኋቸው። ሁሉንም ሲሰሙኝ ቆይተው ተማሪዎቹን ራቅ በሉ አሏቸው። ጉርምርምታው ራቀ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ደመላሽ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «ይለፋት ያልሁት እኔ ነኝ።»

መቅዲ እፎይ ስትል አልደነገጥሁም፤ እሷ ገና ልጅ ናት፣ ከሥራ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው። የኔታ ይህን ሲሉኝ ግን ደነገጥሁ። በርጩማው ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥሁ። ማን ጠየቀኝ? አልኋቸው። ዕድሜም አለ አሉኝ፣ ድካምም አለ፣ ባለፈው ዓመት ጋን ሰበረች ብለውኛል አሉኝ። አዎ፣ ጋን ሰብሬያለሁ። መቅዲ ከቦታው አንሥታ መንገዴ ላይ አስቀምጣው ነው። ዓይኔ ቢኖር አልሰብረውም ነበር፤ እሷ ባታነሣውም አልሰብረውም ነበር። ሲወራ ግን የሚወራው የአንዱ ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኋቸው።

«ወለተ ሰንበት» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጌታም እኮ ‹ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ› ብሎ ጸልዮአል።»

«የእሱ የመከራ ጽዋ ነው፣ የኔታ። የእኔ የጠላ ናት። ትለፈኝ ብዬ መቼ ጸለይሁ?»

ሳቁ። የኔታ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል ይሉኛል። ከሳቁ በኋላ ግን ወደ ነገራቸው ተመለሱ። ድግስ የእጅ ሥራ ነው፣ እጅ ዓይን ይሻል አሉ፤ የእሳቸው ሥራ የቃል ነው፣ ቃል ዓይን አይሻም። እንዲህ ሲሉ የቅኔ መምህር ናቸውና ነገሩ ያምራል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ነገር ሲያምር ግን ውስጡ ባዶ መሆኑን አንኳኩቼ አውቃለሁ፣ እንደ ቅል።

«ተማሪ ውኃ ይቀዳልዎታል» አልኋቸው። «ተማሪ ቆሎዎን ይቆላል፣ ተማሪ እጅዎን ይዞ ቤተ መቅደስ ያደርስዎታል። ይህ ሁሉ ሲደረግልዎ የኔታ አይችሉም ያለ ሰው የለም። እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን አንድ ሰው እጁን ከዘረጋልኝ፣ አልቻለችም ነው።»

«ደቀ መዝሙር መምህሩን ያገለግላል፤ ሥርዓት ነው።»

«ወንፈልም ሥርዓት ነው፣ የኔታ።»

ወንፈል ማለት ዛሬ አንቺ ቤት፣ ነገ እኔ ቤት እየተባባልን ጉልበት የምንዋዋስበት ነው። የባላገር ልጅ ናቸውና አልጠፋቸውም። «እንግዲህ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው የቅኔ መምህር ድምፅ አልነበረም፣ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። ተነሣሁ። ማኅበሩ ደርሷልና አብረን እንሂድ አሉኝ። እምቢ ብል መንገዱ አንድ ነው። እሳቸው ተማሪያቸውን ይዘው፣ እኔ ዘንጌን ይዤ፣ ጎን ለጎን ሄድን። ሰው ሁሉ ከሩቅ «የኔታ ይባርኩኝ» እያለ ይመጣል፤ እሳቸው ይባርካሉ፤ ለእኔ ደህና ዋሉ ያለኝ አንድ የወፍጮ ቤት አህያ ነጂ ብቻ ነው፣ እሱም ከመንገዱ እንድወጣለት ፈልጎ።

ማሬ ቤት ስደርስ ግርግር ሆነ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው አነሡኝ። እየሄድሁ ነበር እኮ፤ እግሬ መሬት እየነካ ነበር። «እማማን ወደ ላይ፣ እማማን ወደ ላይ» እየተባለ ከየኔታ አጠገብ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። የክብር ቦታ ነው። ቀድሞ የምቀመጠው ከሴቶቹ ጋር ከጓዳው በር አጠገብ ነበር፤ እዚያ ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ጠላው ሲቀዳ ጣት አስነክሮ መቅመስ አለ። እላይ ያለው ሳል ብቻ ነው። መቅዲ መጥታ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ብቻዎን ነው የመጡት?» አለችኝ። «ከየኔታ ጋር ነው የመጣሁ» አልኋት። የነጠላዬን ጫፍ አስተካክላልኝ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ቁጭ ብዬ ድግሱን አዳመጥሁት። ወጡን የሠራችው መቅዲ ናት፤ የኮረሪማ እጇ አይጠፋኝም፣ ታበዛዋለች። ዳቦው የአበረ ሚስት የጋገረችው ነው፤ ከኮባ ቅጠሉ ሽታ ጋር አብሮ የወፍጮ ቤት ዱቄት ይሸታል። ጠላው የተጣለው በእኔ ጋን ነው፣ ከሰበርሁት በተረፈው፤ ጌሾውን ስወቅጥ የሰነበትሁትም እኔ ነኝ። አግዳሚ ወንበሩ ከደመላሽ ቤት ነው የመጣው፤ ስቀመጥበት የሚወዛወዘውን እግሩን ከዱሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማሬ የራሷ ምን አላት? ደጃፏና እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቷ። ይህን የምለው ማሬን ለማማት አይደለም፤ እንዲህ ነው ድግስ። ብቻዋን የደገሰች ሴት አገሩ አላየም። ማሬን ግን አትችይም ያላት የለም።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ቄስ ዘማርያም ጸሎቱን አደረሱ። ከዚያ ደመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ። ደመላሽ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ግን ሰውን አይጠይቅም። እማማ ሥራነሽ እናታችን ናቸው አለ። ብዙ ደክመዋል፣ ብዙ አብልተውናል፤ ከእንግዲህ ይረፉልን ብለን ተመካክረናል፤ ዳቦውን በየወሩ ቤታቸው ድረስ እናደርሳለን፤ ጽዋውን በእሳቸው ፈንታ አበረ ይቀበላል አለ። «ይሁን፣ ይሁን» ተባለ። አንዷ ደግሞ ከጓዳ እልል አለች። ሰው በቁሙ እልል ተብሎለት ሲሰናበት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማሬ ጽዋዋን አነሣች፤ ሻሹ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እግሯ ፊቴን አልፎ ወደ አበረ ሄደ። ያኔ ተነሣሁ። ሁለቱ ብብት ያዦች ሊያነሡኝ ሲመጡ «ተዉኝ፣ ተነሥቻለሁ» አልኋቸው።

«አበረ ልጄ» አልሁ፣ «ጽዋ ጠይቀህ ነበር?»

«ኧረ እኔ አልጠየቅሁም፣ እማማ» አለ አበረ። ሚስቱ ከጓዳ «ለእኔም አልነገረኝም» አለች፤ ሰው ሳቀ። አበረ ጽዋዋን እንደ ትኩስ ድንች ነው መሰለኝ የያዛት፤ መቼ እንደ መጣ ሳላውቅ እጄ ላይ አስቀመጣት። ቀዝቃዛ ናት፣ ከብዳለች። ሁለት እጄን ከሥሯ አገባሁ።

ደመላሽ በልስላሴ ሊመልሰኝ ሞከረ። የካቲት ናት እማማ፣ ሰው ይበዛል፣ እንዳይቸገሩ ብለን ነው አለ። እኔም ከላይ ያልሁትን ሁሉ አልሁ፤ ዳቦው የማን እንደሆነ፣ ወጡ የማን እንደሆነ፣ አግዳሚው የማን እንደሆነ። ለማሬ ሲሆን ወንፈል፣ ለእኔ ሲሆን ችግር የሚባለው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ማሬ «እውነታቸውን ነው» አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ግን ሁሉም ሰማት። ደመላሽ ዞሮ ዞሮ የማይቀርለትን ተናገረ። «ቤተሰብዎ ለምኖን ነው እኮ» አለ።

ልጄን ጌቱን አሰብሁት፤ ማንኪያውን አሰብሁት። ከጓዳው በር የመቅዲ ድምፅ መጣ። «ጌቱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ፣ እማማ። የካቲት ሥራ ቦታ ፈቃድ አይሰጡኝም። ሁሉ ነገር እኔ ላይ የሚወድቅ መሰለኝ። ልነግርዎ ፈልጌ ደፈር አልሁና ፈራሁ።»

ይህች ልጅ ቤቴ ከገባች ጀምሮ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ነግራኝ አታውቅም። ስለ እኔ ለሰው ስትናገር ኖራ፣ ለእኔ ስትናገር ያኔ ነው የሰማኋት። ተቆጥቻት አልነበረም አልልም። ነገር ግን በሰው ሁሉ መሐል ምራቱን የሚያዋርድ አማት ከእኔ ወዲያ ይፈለግ። «ሥራሽን ሥሪ» አልኋት። «ፈቃድ አትጠይቂ። ማታ ስትመጪ ወጡን ቅመሽልኝ፣ ኮረሪማው እንዳይበዛ። የቀረውን ከማሬ ጋር እንጨርሰዋለን፤ ወንፈል አለባት።» ማሬም «አለብኝ» አለች። «ያድርሰኝ» አልሁ። «ያድርስዎ» አሉ፤ መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ደመላሽ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ልቀመጥ ስል፣ አጠገቤ ያሉት የኔታ ተናገሩ። ለማንም ሳይሆን ወደ ጽዋዋ የተናገሩ ይመስላል።

«ለእኔ አንድ ቀንም ሰጥታችሁኝ አታውቁም» አሉ።

ሰው ወዲያ ወዲህ ተንቀሳቀሰ። ደመላሽ «የኔታ፣ እርስዎማ አባታችን ነዎት፤ የእርስዎ ድርሻ ቡራኬ ነው እንጂ…» አለ።

«ዘማርያምስ አባታችሁ አይደለም? በጥቅምት ቤቱ ደግሶ በልተናል። እኔ ከዚህ ማኅበር ስገባ የዘማርያም ፀጉር ጥቁር ነበር አሉኝ፣ ዛሬ ነጭ ነው ይሉኛል።» ቄስ ዘማርያም ሊስቁ ፈልገው ተዉት። የኔታ ቀጠሉ። «ስታልፉኝ ክብር ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ክብር ነው ሲሉት ደግሞ ሰው ይለምደዋል። ለወለተ ሰንበት ይለፋት ያልሁት ያንኑ ክብር የሰጠኋት መስሎኝ ነው።»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ እዚህ ቤት የሚያለቅስ አይጠፋም። አንዱ «አይ የኔታ፣ አይ የኔታ» እያለ አዘነላቸው። እኔ ግን አላዘንሁላቸውም። ጠዋት በጎጇቸው ደጃፍ ልመና ስሄድ ይህ ሁሉ በሆዳቸው ነበር፤ እያወቁት ነው ዕረፊ ያሉኝ። ተናደድሁባቸው እንጂ አላዘንሁም። የሚታዘንለት ሰው ድርሻው ሲወሰድ ዝም የሚል ሰው ነው፤ እሳቸው ግን አፍ አላቸው፣ ያውም አገር የሚሰማው አፍ።

ጽዋዋን እንደያዝሁ ወደ ድምፃቸው ዞርሁ።

«የኔታ» አልሁ፣ «የካቲት እኔ ቤት ናት። ስታበቃ ይህችን ጽዋ ለአበረ አልሰጣትም። ለእርስዎ ነው የምሰጣት።»

አበረ «እኔ እጠብቃለሁ፣ ምን ቸገረኝ» አለ ቶሎ ብሎ።

«ወለተ ሰንበት፣ ማን ይደግስልኛል?» አሉ የኔታ። «ሚስት የለኝ። ጎጆዬ ሦስት ሰው አይዝም።»

«መጋቢት ጾም ነው፤ ዶሮ የሚገነጥል አይፈለግም። ሽሮና ጠላ ይበቃል። ጌሾውን እኔ እወቅጣለሁ፣ ደመላሽ ያን የሚወዛወዝ አግዳሚውን እግሩን አስጠግኖ ያመጣል፣ ጎጆው ከጠበበ ዛፉ ሥር እንቀመጣለን፤ መጋቢት ዝናብ የለም። የእርስዎ ሥራ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹ቤት ለእንግዳ› ማለት ነው። ይህ ደግሞ የቃል ሥራ ነው፤ ዓይን አይሻም ብለውኛል።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ የነጠላቸው ጫፍ ክንዴን ነካኝ።

«ይመልሱልኝ እንጂ» አልሁ። «ጽዋዋ ከብዳኛለች፣ ጉልበቴም እያመመኝ ነው፤ ወገቤ አይደለም፣ ጉልበቴ ነው። ይሰጡኝ ይሆናል እያሉ ከእንግዲህ አይጠብቁ፤ እኔ ሰጥቼዎታለሁ። እሺ ይበሉኝ፣ የኔታ። እሺ ሳይሉኝ ከዚህ ቤት አልወጣም።»